ባለ አምስት ዓመት ማስታወሻ ደብተር፦ በተራ ቀን የሚመጣን ጸጋ ለመመዝገብ ይሆናል?

የደብተሩ አሠራር ቀላል ነው። እያንዳንዱ ገጽ የዓመቱን አንድ ቀን ይይዛል፤ ገጹም ከላይ እስከ ታች በአምስት ክፍል ተሰምሯል። ዘንድሮ በላይኛው ክፍል ይጻፋል፣ በሚመጣው ዓመት በዚያው ዕለት ተመልሶ ከሥሩ ባለው ይጻፋል፣ እንዲህ እያለ አምስት ዓመት ይሞላል። 366 ገጽ ወይም 183 ቅጠል አለው። በጠቅላላው 1826 ወይም 1827 ቀን ይይዛል፤ ልዩነቱ በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣዋ ትርፍ ቀን በመካከሉ አንዴ ወይም ሁለቴ ከመግባቷ ነው። ሰዎች ለብዙ ነገር ይገዙታል። እዚህ የሚመዘነው ግን በአንድ ሥራ ብቻ ነው፦ አንድ ክርስቲያን በተራ ቀኑ ውስጥ ሳይጠብቀው የደረሰለትን የእግዚአብሔርን ጸጋ እንዲያስተውል ያግዘዋል ወይ?

ያግዘዋል፤ ነገር ግን ዋናው ጥቅሙ የሚጀምረው በሁለተኛው ዓመት ነው። የመጀመሪያው ዓመት መዝራት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ይህን ሳያውቁ የሚገዙ ሰዎች በሦስተኛው ወር ሰልችቷቸው ይተዉታል፤ ሻጮችም ይህን አይናገሩም። ምክንያቱ ጸጋ ከሚታይበት መንገድ ጋር የተያያዘ ነው። ያዕቆብ ድንጋይ ተንተርሶ አድሮ ሲነቃ «በእውነት እግዚአብሔር በዚህ ስፍራ ነው፤ እኔ አላወቅሁም ነበር» አለ (ዘፍጥረት 28፥16)። ወደ ኤማሁስ ይሄዱ የነበሩት ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ስድሳ ምዕራፍ (የጥንት የርቀት መለኪያ) ያህል በሚርቅ መንገድ ላይ ከጌታ ጋር እየተነጋገሩ ተጉዘው ያወቁት እንጀራውን ሲቆርስ ነው፤ በመንገድ ልባቸው ይቃጠል እንደነበረም የተናገሩት ከዚያ በኋላ ነው (ሉቃስ 24)። ሙሴም የተነገረው «ጀርባዬንም ታያለህ» የሚል ነው። በዕለቱ ተራ የነበረ ነገር ዞሮ ሲታይ ሌላ ይሆናል። የዚህ ደብተር ብልኃት መዞሩን የግድ ማድረጉ ነው፤ የዛሬውን ለመጻፍ የከፈታችሁት ገጽ የአምናውን ይዞ ይጠብቃችኋል።

ወደ ዕቃው እንግባ። ስፌቱን ከሁሉ አስቀድሙ። በየቀኑ የሚከፈት ደብተር በአምስት ዓመት ከ1800 ጊዜ በላይ ይከፈታል። ጀርባው በሙጫ ብቻ የተያዘ ከሆነ ሙጫው እየደረቀ ይሰነጠቅና ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ይላቀቃሉ። ለመለየት ደብተሩን ዘግታችሁ ከአናቱ በኩል ጀርባውን ተመልከቱ። ቅጠሎቹ በትንንሽ ታጣፊ ጥራዞች ተከፋፍለው ከታዩ፣ አንዱን ጥራዝም መሃል ለመሃል ስትከፍቱ ክር ካገኛችሁ የተሰፋ ነው። ሁሉም ቅጠል እንደ አንድ ጡብ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠና ክር ከሌለ ሙጫ ብቻ ነው፤ ሽፋኑ የቱንም ያህል ቢያምር ተዉት። የተሰፋው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይተኛል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። በአንድ እጅ ተጭነው በሌላው የሚጽፉበት ደብተር በደከመ ምሽት «ነገ እጽፋለሁ» ያሰኛል።

መጠኑ ብዙውን ጊዜ ኤ5 (148 በ210 ሚሊ ሜትር) ወይም ኤ6 (105 በ148) ነው። ወረቀቱ በካሬ ሜትር 80 ግራም ከሆነ የኤ5ቱ ቅጠሎች ብቻቸውን 455 ግራም ገደማ፣ የኤ6ቱ ደግሞ ግማሹን ይመዝናሉ። ኤ6 ለመንገድ ይመቻል፤ ግን ለአማርኛ አይመከርም። ለቀን ጽሑፉና ለኅዳጉ የሚሆነው ሲቀነስ በኤ5 ገጽ ላይ 180 ሚሊ ሜትር ያህል ይቀራል፤ ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ዓመት 36 ይደርሳል። በ7 ሚሊ ሜትር መስመር አምስት መስመር ይሆናል። በ6 ሚሊ ሜትር መስመር ስድስት ይገባል፤ ሆኖም ፊደላችን ከላይም ከታችም ምልክት አለውና የ«ሊ»ና የ«ሌ» እግር ከሥሩ ካለው የ«ቶ» ቀለበት ጋር ይጋጫል። ከዓመት በኋላ የራስን ጽሑፍ ማንበብ ካልተቻለ ደብተሩ ፋይዳ የለውም። ስለዚህ ኤ5፣ 7 ሚሊ ሜትር መስመር። በአንድ ክፍል ውስጥ ከ25 እስከ 30 ቃል ይገባል፤ ለዚህ ሥራ የሚበቃውም ይኸው ነው። ሰፊ ቦታ ያለው ሰው ስለ ጸጋ ማብራራት ይጀምራል፤ 30 ቃል ብቻ ያለው ሰው ግን የሆነውን ይጽፋል።

ቀለሙን በተመለከተ፦ በዘይት የተሠራው ተራው እስክሪቢቶ የተሻለ ነው፤ ቶሎ ይደርቃል፣ ወደ ጀርባ አያልፍም። ጄል የሚባለው ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ደብተሩን ወዲያው የሚዘጋ ሰው ደግሞ ፊት ለፊት ያለውን ገጽ ያቆሽሽበታል። እርሳስ በየዓመቱ ገጽ ከገጽ ሲፋተግ ይደበዝዛል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን በጀርባው ላስቲክ እየታሸ የሚጠፋው እስክሪቢቶ ነው። ቀለሙ የሚጠፋው ከመታሸት በሚመጣ ሙቀት፣ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ነው፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ወይም ማሞቂያ አጠገብ የተረሳ ደብተር የዓመት ጽሑፉን ሊያጣ ይችላል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ፣ ወደ ታተሙት ጥያቄዎች። ለክርስቲያኖች ተብለው የሚዘጋጁት ብዙዎቹ ደብተሮች በየክፍሉ «ዛሬ የማመሰግንባቸው ሦስት ነገሮች» የሚል ጽሑፍና ሦስት ባዶ መስመር አላቸው። ይህ ዓይነቱን አትግዙ። ቅንነት የጎደለው ሆኖ አይደለም፤ ጥያቄው ራሱ መልሱን ያበላሻል። ሦስት መሙላት ያለበት ሰው በሁለተኛው ሳምንት «ጤና፣ ቤተሰብ፣ ሥራ» ብሎ ይጽፋል፤ በሦስተኛውም ያንኑ። እነዚህ እውነተኛ ስጦታዎች ናቸው፣ ሆኖም ምንም ሳይመለከቱ ሊጻፉ ይችላሉ። በየገጹ ጥቅስ የታተመበትም ሌላ ችግር አለው፦ ጥቅሱ አምስት ዓመት ሙሉ በዚያች ቀን አይለወጥም፣ ጸሐፊውም ሳያስበው ቀኑን ወደ ጥቅሱ ያጣምመዋል። የሚሻለው ቀኑ ብቻ የታተመበት ባዶ ገጽ ነው። ጥያቄዎቹን ራሳችሁ በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ጻፏቸው፤ ሦስቱ ይበቃሉ፦ ምን ሆነ? በማን ወይም በምን በኩል መጣ? ከዚህ ውስጥ ያልለመንኩት የቱ ነው?

ሦስተኛው ጥያቄ ቁልፉ ነው። ጸጋ ስንል በሥራችን ያላገኘነውን፣ ሊከፈለን የማይገባውን ማለታችን ነውና። ልዩነቱን በሁለት ዓይነት ጽሑፍ ማየት ይቻላል። «ስለ መልካም ጎረቤቶች አመሰግናለሁ» የሚለው በሚመጣው ዓመት ሲነበብ ምንም አይናገርም። «ከሰዓት በኋላ፣ ቁልፌ ወድቆብኛል። ጎረቤቴ አንሥታ በሩ ላይ ሰክታው ሄዳለች። አላንኳኳችም» የሚለው ግን ከአራት ዓመት በኋላም ሙሉ ነው። «የተቆጣሁት ሰው ቀድሞኝ ሰላም አለኝ»፤ «ልብስ ሳጥፍ ቤቱ ጸጥ አለ፣ ሳላስበው መጸለይ ጀምሬ ነበር»። ስም፣ ሰዓት፣ ዕቃ፣ የተሠራ ነገር ይኑር። «ተባርኬአለሁ» የሚለውን ቃል ለአንድ ወር ያህል ከደብተሩ ማገድ በጣም የሚረዳ ልምምድ ነው፤ ምን እንደሆነ ለመናገር ያስገድዳል።

የምሽቱ አካሄድ ከስምንት ደቂቃ አይበልጥም። የኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ማኅበር መሥራች ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ (1491–1556) ያስተማረው የዕለት ምርመራ አምስት ደረጃ አለው፦ ስለተቀበሉት ማመስገን፣ ብርሃን መለመን፣ ቀኑን ሰዓት በሰዓት መመርመር፣ ይቅርታ መጠየቅ፣ ለነገ መወሰን። ደብተሩ የሚይዘው የመጀመሪያውን ሙሉ በሙሉ፣ የሦስተኛውን በከፊል ነው። ስለዚህ «ሙሉ የጸሎት ሕይወት በአንድ ጥራዝ» እያሉ የሚሸጡትን አትመኑ፤ ንስሓን የሚተካ ደብተር የለም። ቀኑን ስትመረምሩ በስሜት ሳይሆን በቦታ ሂዱ፦ አልጋ፣ በር፣ መንገድ፣ የሥራ ጠረጴዛ፣ ማጠቢያ ቦታ። በስሜት የሚሄድ ሰው የሚያገኘው የቀኑን ትልቅ ደስታና ትልቅ ብስጭት ብቻ ነው፤ በቦታ የሚሄድ ግን የረሳውን ትንሽ ነገር ያገኛል። ከተገኘው ውስጥ አንድ ብቻ ምረጡ።

ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ አንድ ቅደም ተከተል በጥብቅ ይጠበቅ። ጠንከር ያለ ካርቶን በገጹ ስፋት ቆርጣችሁ ደብተሩ ውስጥ አኑሩ፤ ገጹን ስትከፍቱ ያለፉትን ዓመታት በእርሱ ሸፍኑ። መጀመሪያ የዛሬውን ጻፉ፣ ቀጥሎ ካርቶኑን አንሥታችሁ አንብቡ። ይህን የማያደርግ ሰው አምናን አንብቦ ዘንድሮን በአምናው ልክ ይሰፋል፤ አምና ስለ ዝናብ ከጻፈ ዛሬም ዝናብ ይታየዋል። ብዙ ሰው ሁለተኛው ዓመት ላይ «ድግግሞሽ ሆነብኝ» ብሎ የሚያቆመው በዚህ ስሕተት ነው። ተሸፍኖ ሲጻፍ ግን ያልታሰበ ነገር ይገጥማል፦ አምና «ይህ ሰው ለምን ወደዚህ ክፍል ተዛወረ» ተብሎ የተጻፈለት ሰው ዘንድሮ በዚያው ሳምንት አካባቢ የምስጋናው ምክንያት ሆኖ ይገኛል። ለዚህ ሲባል የሚያስመርረውንም ቢሆን ቀኑን የያዘውን ነገር በግማሽ መስመር መጥቀስ ይጠቅማል።

ገበያ ላይ ያሉት ደብተሮች ክፉ ቀንን ስለማያስቡ ይህ በዝርዝር ይነሣ። ሐዘን፣ ሕመም፣ ክህደት ባለበት ምሽት ምስጋና ፈልጎ መጻፍ ውሸት ሊሆን ይችላል። ጳውሎስ «በሁሉ አመስግኑ» አለ (1 ተሰሎንቄ 5፥18)፤ በሁሉ ውስጥ ማለትና ስለ ሁሉ ማለት አንድ አይደሉም። መዝሙረ ዳዊት 88 (በሌላው አቆጣጠር 87) በጩኸት ጀምሮ በጨለማ የሚያልቅ ጸሎት ነው፤ ቢሆንም በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ ቦታ ተሰጥቶታል። ስለዚህ በእንዲህ ያለው ቀን በክፍሉ መጀመሪያ «ሰ» (ሰቆቃ) የሚል ፊደል አድርጋችሁ ጩኸቱን እንዳለ ጻፉ። ምክንያት አትፈልጉለት፣ «ለበጎ ነው» አትበሉበት። ደብተሩ ሁለት የገጽ ምልክት ጥብጣብ ካለው፣ አንዱ የዛሬ፣ ሁለተኛው መልስ ያላገኘች ልመና ያለችበት ገጽ ይሁን። አንድ ጥብጣብ ብቻ ካለው ክር መስፋት ይቻላል። ይህ ሁለተኛ ጥብጣብ ደብተሩን የድል መዝገብ ከመሆን ያድነዋል። ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለመነ፤ የተሰጠው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር። በደብተሩ ውስጥ ጸጋ ሁሉ የተሳካ ነገር ብቻ ከሆነ መዝጋቢው ሳያውቀው ሒሳብ ያዥ ሆኗል፤ ያልተሳካ ዓመት ሲመጣም እግዚአብሔር የተወው ይመስለዋል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ስሕተት አለ፦ በየትንሹ ነገር መልእክት መፈለግ። መብራቱ አረንጓዴ ስለሆነ ሥራውን ልቀበል፣ ወፏ ስለዘመረች ተፈቅዶልኛል ማለት። ጌታ ኢየሱስ አባታችን ፀሐዩን በክፉዎችና በበጎዎች ላይ እንደሚያወጣ፣ ዝናቡንም በጻድቃንና በኃጢአተኞች ላይ እንደሚያዘንብ ተናግሯል (ማቴዎስ 5፥45)። ዝናቡ ለእኔ የተላከ ምስጢራዊ ደብዳቤ ስላልሆነ ጸጋነቱ አይቀንስም፤ ለሁሉ መዝነሙ ራሱ ጸጋ ነው። ደብተሩ የምስጋና እንጂ የውሳኔ መሣሪያ እንዲሆን አልተሠራም።

ቀን ሲያመልጥስ? ባዶውን ተዉት። ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሶ መሙላት የማይታሰብ ነው፤ የሚጻፈው ትውስታ ሳይሆን ግምት ይሆናል። እስራኤል በምድረ በዳ መናውን ሲያዩ «ይህ ምንድር ነው?» ተባባሉ፤ ለእያንዳንዱ ሰው በየቀኑ አንድ ጎሞር ነበር የሚለቀመው፣ ለነገ የተቀመጠውም ይተላ ነበር (ዘጸአት 16)። በዚያው ምዕራፍ ግን አንድ ጎሞር ሙሉ ለሚመጣው ትውልድ እንዲጠበቅ በማድጋ ተቀምጧል፤ ደብተሩ የሚመስለው ይህን ማድጋ ነው። የሰባተኛውን ቀን ዕረፍት ደብተሩም ቢያከብር መልካም ነው፦ በሳምንት አንድ ቀን ምንም አይጻፍ፣ የስድስቱ ቀን ብቻ ይነበብ። «በየዓመቱ ያው ገጽ ባዶ ይቀራል» ብላችሁ እንዳትሰጉ። 365 ቀን 52 ሳምንትና አንድ ቀን ስለሆነ የሳምንቱ ዕለት በየዓመቱ በአንድ፣ ትርፍ ቀን ሲገባ በሁለት ይሸሻል። ስለዚህ በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ገጽ በዕረፍት ምክንያት ከአንድ በላይ ባዶ ክፍል አይኖረውም።

ደብተሩ የማይችለው ነገርም አለ። ፋሲካ በየዓመቱ ቀኑ ስለሚለዋወጥ የሕማማት ሳምንትን ከሕማማት ሳምንት ጋር በአንድ ገጽ አያገናኝም። መፍትሔው በመጨረሻዎቹ ባዶ ገጾች ላይ ትንሽ ሠንጠረዥ መሥራት ነው፦ የበዓሉ ስም፣ ዓመቱ፣ የተጻፈበት ገጽ። ሌላው ምስጢር ነው። በአንዳንዶቹ ላይ ያለው ትንሽ ቁልፍ በመርፌ ይከፈታል፤ የሌሎችን ኃጢአትና ሕመም በስም አትጻፉ፣ የመጀመሪያ ፊደል ይበቃል። የገጾቹን ፎቶ እያነሡ ለሰው ማሳየትም ጽሑፉን ቀስ በቀስ ለተመልካች የሚጻፍ ያደርገዋል።

ከስልክ መተግበሪያ ጋር ሲነጻጸር፣ መተግበሪያው በአንድ ቃል ፈልጎ ያገኛል፣ አይቃጠልም፣ እጁ ለሚንቀጠቀጥ ወይም ዓይኑ ለደከመ ሰው በድምፅ ይቀበላል። ለእነዚህ ሰዎች ያለ ማመንታት እርሱ ይሻላል። ለሌላው ግን ስልኩን ለምስጋና የከፈተ እጅ ወደ ሌላ ነገር ያልፋል፤ አምናንም ሸፍኖ መጻፍ አይመችም። የወረቀቱ ደብተር እንዳይጠፋ በየወሩ መጨረሻ 30 ገጹን ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

አምስት ዓመት የሚያስፈራው ሰው ደብተሩን ከመግዛቱ በፊት በካርድ ይሞክር። 366 ጠንካራ ካርድ፣ በየአናቱ ቀንና ወር ተጽፎ፣ በቀን ቅደም ተከተል በሳጥን ይደረደራል፤ በየዓመቱ አንድ ሁለት መስመር ይጨመርበታል። መልኩ አያምርም፣ ካርድ ሊጠፋ ይችላል፤ ነገር ግን ሥራው ያው ነው፣ የተበላሸውም ብቻውን ይተካል። በየቀኑ የማይሆንለት ደግሞ በሳምንት አንዴ ይጻፍ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማካለው በ2003 ስለ ምስጋና ባሳተሙት የታወቀ ጥናት በአንደኛው ሙከራ ተሳታፊዎቹ የጻፉት በሳምንት አንዴ ነበር፣ እስከ አምስት ነገር።

ይህ ደብተር የማይመከርለት ሰው አለ፦ ኅሊናው በትንሹ የሚከሰው፣ ባዶ ክፍል ሲያይ እግዚአብሔርን የበደለ የሚመስለው። ለእርሱ እያንዳንዱ ባዶ ቦታ አዲስ ክስ ይሆናል፤ ከታመነ ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ቀኑን በቃል መናገር እጅግ ይሻለዋል። ለሌላው ሁሉ፣ የተሰፋ፣ ባዶ፣ ሰፊ መስመር ያለው ኤ5 ከተገኘ የሚገባ ግዢ ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ የትርፏ ቀን ገጽ። ከአምስቱ ክፍሎች የምትሞላው አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ ነው። ቢያንስ ሦስቱ ባዶ ክፍሎች እንዲባክኑ ስለማይገባ ብዙዎች በየዓመቱ መጨረሻ አንድ አንድ መስመር ይጽፉባቸዋል፣ ሳሙኤል በምጽጳና በሼን መካከል ድንጋይ አቁሞ «እስከ አሁን ድረስ እግዚአብሔር ረድቶናል» እንዳለ። ከዓመቱ ጽሑፎች ሁሉ መርጦ አንዱን ብቻ ወደዚያ መገልበጥ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ጊዜውን አስቀድማችሁ ለዩት።